የእሳት ራቷ ዋስ

በንጉሡ ዘመን ደብረ ብርሃን ሳስተምር፣ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ የደረቀች የእሳት ራት በመስታወት ሣጥን ይዞ መጣ። ከሩቅ ደሴት ናት አለን። የደሴቱ ነፋስ ከጣርማ በር ተራራ ነፋስ ስለሚብስ የሚበሩትን ነፍሳት ባሕር ውስጥ ይጨምራቸዋል፤ የእሷ ዘር ግን መብረሩን ትቶ ተርፏል።

አከራያችን ባና የሚያሠሩ ወይዘሮ ነበሩ፤ ቤታቸው እስከ ጣሪያው ድረስ በሱፍ ብርድ ልብስ ተሞልቷል። ሣጥኑን ሲያዩ «ብል ቤቴ አላስገባም!» ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ሞታለች እኮ። በሕይወት ሳለችም አትበርም» አልኳቸው።

«የማትበር ከሆነማ የባሰ ነው! የሚበረውስ ይሄዳል። ዋስ ትጥራ!»

ከዚህ ንትርክ ለመገላገል ብዬ በጎረቤት ፊት ለእሳት ራቷ ዋስ ሆንኩ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ባና በብል ተበልቶ ተገኘ። ሴትዮዋ ከሰሱኝ።

«የሞተ ነገር እንዴት ባና ይበላል?» ብዬ አጥቢያ ዳኛው ፊት ጮህኩ።

ዳኛው ረጋ ብለው «ዋስ ስትሆናት በሕይወት ነበረች?» አሉኝ።

«አልነበረችም።»

«ታዲያ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?»

ተፈረደብኝና የምለብሳትን ባና ለሴትዮዋ አስረከብኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ፈረንጁ ሣጥኑን ይዞ አገሩ ሲገባ፣ ከዋስትናው አውርዱኝ ብዬ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ።

«ዋስ የሆንክላትን አቅርብና ትወርዳለህ» አሉኝ።

ሴትዮዋም ዳኛውም አልፈዋል። እኔ ግን ይኸው አርጅቼም ዋሷ ነኝ።