ለሁለት የተዋጠ ኪኒን

እጸገነትን ካዛንቺስ የሚያውቃት በስፌቷ ነው። ሰፈሩን ከሞሉት ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ውስጥ የግማሾቹ አስተናጋጆች የሚለብሱትን ጥቁር ሰደርያ የሰፋችው እሷ ናት። ሥራ ያገኘ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ዘንድ መጥቶ ትከሻውን ያስለካል፤ እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች "ቀና በል፣ እንዲህ ጎብጠህ ማን ጉርሻ ይሰጥሃል?" ትለዋለች። ከአዲግራት የመጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው። ባሏ በደርግ ጊዜ ግንባር ሄዶ ቀረ፤ ሞተ ብሎ ያረዳትም አለ ብሎ የመሰከረላትም የለም። ልጅ አልወለደችም። "ማን አለሽ?" ሲሏት "ሳምራ አለችኝ" ትል ነበር፤ እውነቷን ነው።

ሳምራና ባሏ ኑሪ የግድግዳ ጎረቤቶቿ ናቸው። ግድግዳ የምለው ጭቃው ረግፎ ማገሩ የቀረ የቀበሌ ቤት ግድግዳ ነው፤ ኑሪ በዚያኛው ወገን ሲያስነጥስ እጸገነት በዚህኛው "ይማርህ" ትለዋለች። ኑሪ የስልጤ ሰው ነው፣ የግቢው በር ላይ ትንሽ ሱቅ አለው። እነሱ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን፤ ሥጋ ሲቀር የማይካፈሉት ነገር አልነበረም። አንዱ ቤት ሽሮ ከተሠራ ሁለቱም ቤት ይበላል። ውሃ ሲጠፋ የአንዷ በርሜል የሌላዋ ነው። የሳምራ ልጆች የት በልተው የት እንደሚተኙ የሚጠይቅ የለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚባለው አነጋገር እዚያ ግቢ እንደ ሕግ ነበር የሚታየው።

እጸገነት የታመመችው በ1996 ዓመተ ምሕረት ነው። መጀመሪያ ድካም፣ ከዚያ የሌሊት ላብ፣ ከዚያ በግራ ጎኗ በኩል ሆዷ እያበጠ መጣ። የሰፈር ሰው አፍ መቼም ሥራ አይፈታም፣ ባል የሌላት ሴት አረገዘች ተባለ። ወሬውን ያዛመተችውን ሴትዮ ሳምራ ቧንቧ ላይ ጠብቃ ልክ ልኳን ነገረቻት። ጠበሉም ተሞከረ፣ ዳማከሴውም ተጨመቀ። በመጨረሻ እያዘገመች ሐኪም ቤት የሄደችው በሳምራ ትከሻ ተደግፋ ነው።

ሐኪሙ ዶክተር ታዲዎስ ይባላል፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ደሟን አስመርምሮ ከጨረሰ በኋላ የደም ካንሰር መሆኑን ነገራት። እጸገነት አላለቀሰችም፤ ስንት ጊዜ እንደቀራት ብቻ ጠየቀችው።

"ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ አጭር ነው እልዎት ነበር" አላት። "አሁን ግን ተመራማሪዎቹ የዚህን በሽታ ሥሩን አግኝተውታል። ደም ውስጥ አንድ የተበላሸ ዘረመል አለ፤ ሴሉን ሳያቋርጥ ተባዛ፣ ተባዛ እያለ ያዘዋል። ይሄ አዲሱ ኪኒን ያንን አዛዥ ብቻ ለይቶ ዝም ያሰኘዋል። የድሮው መድኃኒት አረሙንም ስንዴውንም አብሮ ነበር የሚነቅለው።"

"ይሄኛው አረሙን ያውቀዋል ማለት ነው?"

"ያውቀዋል። የእርስዎን አረም ግን ነው። በእርዳታ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ በእርስዎ ስም፣ ለእርስዎ ብቻ። በየቀኑ ሙሉውን፣ ሳያቋርጡ፣ ዕድሜ ልክ።"

"ከዋጥኩትስ?"

"ከዋጡት በእርጅና ነው የሚሞቱት" አለና ፈገግ አለ።

ኪኒኑ እውነትም ተአምር ነበር፤ ከዚህ ሌላ ቃል አላገኝለትም። በጥቂት ወራት ሆዷ ሟሸሸ፣ ላቡ ቆመ፣ መርፌ መያዝ ያቃተው ጣቷ እንደገና ቁልፍ ይተክል ጀመር። ጉዳቱ ቢኖር ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ሥር ማበጡና እግሯን ቁርጥማት መያዙ ነው። የማያውቃት ሰው ሲያያት ስታለቅስ ያደረች ይመስለው ነበር። በየወሩ ባዶውን ማሸጊያ መልሳ አዲሱን ትቀበላለች፤ ዶክተሩ ደሟን ያያል፣ ጥሩ ነው ይላታል፣ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እንዲህ ሆና ሚሌኒየሙን ተቀበለች። በዚያ ዋዜማ ማታ ከሳምራ ጋር ግቢው በር ላይ ቆመው ወደ መስቀል አደባባይ የሚተመውን ሕዝብ ሲያዩ "ይሄን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም" አለቻት። ሳምራ እጇን ያዘቻት።

በዓመቱ ኑሪ ታመመ። ድዱ ይደማል፣ ሳይመታ ገላው ይበልዛል፣ ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነ ያዞረዋል። ሐኪም ቤት የወሰደው ታላቅ ወንድሙ ሸምሱ ነው፤ አጋጣሚ ሆኖ ያያቸውም ያው ዶክተር ታዲዎስ ነው። ዶክተሩ ሸምሱን ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርቶ ያለውን እጸገነት የሰማችው ኋላ፣ ከረፈደ ነው፤ እኔ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። የኑሪ የደም ካንሰር ሌላ ዓይነት ነው፣ አጣዳፊው ነው፣ ሸምሱ የጠቀሰለት የጎረቤት ኪኒን ይህኛውን ፈጽሞ አይነካውም፣ ደም እየሰጠን እናቆየዋለን እንጂ ብዙ ጊዜ የለውም አለው።

በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም። ለሚስቱም ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሰው አዘጋጅቶ ነው እንጂ እንዲሁ ከመንገድ ገብቶ አይነገርም። ሸምሱ ያደገበትን ነው ያደረገው። ኑሪን ደግፎ ወደ ግቢው ሲገባ ሳምራና እጸገነት ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ጊዜ፣ የመጣለትን ተናገረ።

"የእጸገነት በሽታ ነው አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ያው ኪኒኑ ነው። ተመዝግበናል፣ በቃ ተራችንን መጠበቅ ነው።"

ሳምራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ የደስታ ለቅሶ። ሸምሱን ክፉ ሰው የሚለው ቢኖር እኔ አይደለሁም። ግን ምላሱ ያን ቀን ተቆልፎ ቢውል ኖሮ እላለሁ።

ተራው አልደረሰም፤ ያልተያዘ ተራ ከየት ይደርሳል? ኑሪ ሲገረጣ፣ ሳምራ ደግሞ ሸምሱን በየቀኑ "ገና ነው?" ስትል ሳምንታት አለፉ። እጸገነትን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም። አንድ ጠዋት ብቻ፣ እጸገነት ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ አድርጋ ውሃ ስትቀዳ፣ ሳምራ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። መዳፏን አየች። ወዲያው ፊቷን አዞረችና "ጨው አለሽ ወይ ልልሽ ነው" ብላ ሳትቀበል ወጣች።

እጸገነት ያን ቀን ኪኒኑን በጭንቅ ነው የዋጠችው። የተራበ ሰው እያያት ብቻዋን ጎርሳ አታውቅም፣ እንዴት እንደሚደረግም አታውቅበትም። ዶክተሩ ለእርስዎ ብቻ ያላት ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ግን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው የሚናገረው ደንብ ነው ብላ ወሰደችው። ደግሞስ ዳነች አይደል? ለዳነ ሰው ግማሹ ምን ያንሰዋል? የኑሪ ተራ እስኪደርስ ነው።

በማግስቱ የቀኗን ድርሻ ለሁለት ከፍላ ግማሹን በፌስታል ቁራጭ ጠቅልላ ወደ ማዶ ተሻገረች። ኑሪ አልጋው ላይ ነበር።

"አንቺስ?" አላት።

"እኔ ጠግቤያለሁ። ዋጥ።"

ኑሪ ዋጠ። ሳምራ እጸገነትን አንገቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው የሚያናድደኝ፤ ኑሪ ተሻለው። ሐኪም ቤት በዚያው ሰሞን ደጋግመው ደም ሰጥተውት ነበርና ፊቱ ቀላ፣ ተነሥቶ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፣ ትንሿን ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፊደል አስቆጠራት። ሳምራ ኪኒኑ አገኘው አለች። እጸገነትም ከደጅ ሆና እያየችው እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሏት አያውቅም። ለዶክተር ታዲዎስ በየወሩ "በደንብ እየዋጥኩ ነው" እያለች ዋሸችው፤ ከመዝገብ እንዳይፋቋት ፈራች። ደሟ ትንሽ ተለወጠ ሲላት ጾም ነው፣ ድካም ነው እያለች አሳለፈች።

ኑሪ ክረምቱ ሳይወጣ ትኩሳት ያዘውና በሁለት ቀን ሞተ።

ለቅሶው አልፎ ሰው ሲበተን እጸገነት ግራ ጎኗን ዳበሰች። ያ የድሮው እብጠት ተመልሷል። ሐኪም ቤት ሄደች። ዶክተር ታዲዎስ ውጤቷን ደጋግሞ አየና "እውነቱን ይንገሩኝ" አላት። ነገረችው፤ ማንን፣ እንዴት፣ ለምን እንደሆነ ሁሉንም። ሲሰማ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

"የኑሪ እኮ ሌላ በሽታ ነበር። ለወንድሙ ነግሬው ነበር" አለ።

"ተራ ይጠብቃል ብሎን..." አለችና ቆመች። ቀስ ብሎ ገባት። "ምንም አልጠቀመውም?"

"ምንም።"

"አንድ ቀን እንኳ? ተሽሎት ነበር እኮ ዶክተር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።"

"የሰጠነው ደም ነው ያስቀመጠው። ኪኒኑ አንድ ቀን አልጨመረለትም።"

ስለ እሷም ነገራት። ግማሽ መድኃኒት በሽታውን ሳይገድለው አለማመደው፤ አሁን መልኩን ቀይሯል፣ ኪኒኑ ሊይዘው አልቻለም። ይሄንን የሚይዝ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፣ ውጭ አገር ሰዎች እየዳኑበት ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ገና አልገባም። እጠይቃለሁ፣ አለ፣ ተስፋ ግን ልሰጥዎት አልችልም። እስከዚያው ሙሉውን ይዋጡ፣ ምናልባት ቢያዘገየው።

በሚኒባስ ተሳፍራ ስትመለስ ሸምሱን ኮሌታውን ይዛ የምትለውን እያሰበች ነበር። ኡራኤል ጋ ስትደርስ ግን ንዴቱ በረደና ከሥሩ ባዶነት ብቻ ቀረ። ዕድሜዋን ሰጥታ ምንም አልገዛችም። ቢያንስ ለእሱ ሁለት ወር ሆኖለት ቢሆን ኖሮ ሞቷንም ትስመው ነበር።

ሳምራ በጥቁር ሻሿ ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"ምን አለሽ?"

"ደህና ነሽ አለኝ።"

"ተመስገን።" ሳምራ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት፣ አጠገቧም ተቀመጠች። "እጽዬ፣ እኔ የምኖረው በምን መሰለሽ? ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ባስቆጠራት ፊደል ነው። ያን ያንቺ ኪኒን ነው የሰጠኝ። አላህ ይክፈልሽ፣ እኔ አልችልም።" ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። "አሁን ደግሞ ቡታጅራ የእህቴ ልጅ ታሟል። ደሙ ነው አሉ። ሰኞ ይዘውት ይመጣሉ። ለኑሪ አፌን አውጥቼ አልጠየቅኩሽም፣ ለልጁ ግን ልጠይቅሽ። ትንሽ፣ ተራ እስኪያገኝ።"

እውነቱ የእጸገነት ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትናገረው ምን እንደሚሆንም አየችው። ኑሪ ዳግመኛ ይሞታል፣ ፊደሉም ወንበሩም አብሮ ይሄዳል፣ ሳምራም የጓደኛዋን ዕድሜ በከንቱ አስበልታ እንደቀረች አውቃ ትኖራለች። መስጠት ደግሞ አይቻልም፤ ያልታወቀ በሽታ ለያዘው ልጅ ሐሰተኛ ተስፋ ሰጥቶ ከሐኪም ማዘግየት ነው።

"አይሆንም" አለች።

ሳምራ የሰማችው እውነት አልመሰላትም። "ምን አልሽ?"

"ልጁን ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ እዚያ ይመርምሩት። የእኔ ለእኔ ብቻ ነው የተሰጠኝ። ለሌላ አልሰጥም።"

በዚያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሳምራ እንደማታውቃት ሰው አየቻት፣ ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። "ገባኝ" ብላ ወጣች። እጸገነት ልትጠራት አፏን ከፈተች፣ ግን ብትጠራት ሁሉንም ልትነግራት ነውና መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ሽሮ አልተሻገረም። ልጆቹም መምጣት አቆሙ። ድና ሰው ረሳች ተባለ፣ እሷም አላስተባበለችም። የቀሚሷን ወገብ በራሷ ማሽን ደጋግማ እያሰፋች፣ ነጠላዋን ከፊት እየጣለች ሆዷን ደበቀች፤ ሕመሟን ሰው ካየ ሳምራ ለምን ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ጥቂት ብርታት ሲሰማት ሳሙና ልትገዛ ወደ ሱቁ ወጣች። ሱቁን አሁን የምትይዘው ሳምራ ናት። ከመደርደሪያው በላይ የኑሪ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንድ ኦሎምፒያ አካባቢ የሚሠራ የድሮ ደንበኛ ፎቶውን እያየ በምን እንደሞተ ይጠይቃታል።

"በደም ካንሰር" አለች ሳምራ። "ግን ጥሩ ወራት ኖሮልኛል። አንዲት ጎረቤት ነበረችን፣ ኪኒኗን ከአፏ ነጥቃ ትሰጠው ነበር። እንደሷ ያለ ደግ ሰው አላየሁም።"

እጸገነት ከሰውየው ኋላ ቆማ ነበር። ሰውየው ሄደ። ሳምራ አየቻት፣ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው መለሰች፣ ሳሙናውን አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"ሌላ የምትፈልጊው አለ?"

"የለም" አለች እጸገነት። ከፍላ፣ ሳሙናዋን ይዛ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ቤቷ ገባች።