ሁለት የቀርከሃ ወንበር ይዤ ዳንግላ

«አንቺ ልጅ፣ የሸጥሽልኝ ወንበር ነው ወይስ ዱቄት?»

እትዬ ጥሩዬ ይህን ያሉኝ እንጅባራ ድረስ መጥተው፣ ሼዳችን በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ዳንግላ ሻይ ቤት አላቸው። ዓምና የሠራንላቸውን ስድስት የቀርከሃ ወንበሮች ነቀዝ በልቷቸው፣ ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ያም ሆኖ አዲስ አዳራሽ እያሠሩ ስለሆነ ሃያ ወንበር ይፈልጋሉ። «ሁለት ደህና ሠርተሽ አምጪና ልይ» ብለውኝ ሄዱ።

ማኅበራችን ሲቋቋም አምስት ነበርን። አሥረኛ ክፍል ጨርሰን፣ ሥልጠና ወስደን ነው የጀመርነው። ሦስቱ ወጥተው እኔና ደሴ ቀረን። ይህን ሥራ ካላገኘን ሼዱን በወሩ መጨረሻ ለሌላ ማኅበር እናስረክባለን፤ ሼዱን የሰጠን የከተማው አስተዳደር ቁርጡን ነግሮናል።

እንጅባራ መናኸሪያ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ታኅሣሥ ነው። ጉሙ አልተነሣም፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ረዳቱ ወንበሮቹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እያሰረ «ለነሱም እንደ ሰው ትከፍያለሽ» አለኝ።

«እንግዲያው ውስጥ አስቀምጣቸው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ከፈልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሲጫን ወንበሩን በጥፍራቸው ሲፍቁት አይቻለሁ። ለጓደኛቸው በአዊኛ «ይቺ ልጅ የነቀዝ ምሳ ጭናለች» አሉት። የማልሰማ መስሏቸው ነው። እኔም በአዊኛ «ምን አጠፋሁ አባባ?» አልኳቸው። አላፈሩም።

«መቼ ተቆረጠ?»

«ነሐሴ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዓመት ቢሆነው ነው። ለጋው ሲያጎብጡት አይሰበርም።»

«ክረምት የተቆረጠ ለጋ ለነቀዝ ማር ነው። ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ በበጋ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነው የሚቆረጥ። ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ሥልጠና ወስጃለሁ።»

«ገበሬ ነበረበት?»

አልነበረበትም። ያስተማሩን ማጉበጥና ቫርኒሽ መቀባት ነው።

አዲስ ቅዳም

ሽማግሌው እዚህች ከተማ ወረዱ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል ተደርድሯል። ለደሴ ደወልኩና የሰማሁትን ነገርኩት።

«ዝም ብለሽ ሽጪ! እስኪበላ ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሼዱ በእጃችን ነው።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም።

ዳንግላ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድኩ። የዓምናዎቹ ወንበሮች ከሻይ ቤቱ ጓሮ ተቆልለዋል፤ ሁለቱ ለማገዶ ተፈልጠዋል። እትዬ ጥሩዬ አዲሱን ዳሰሱት፣ ተቀመጡበት፣ ወዲያና ወዲህ አሉበት።

«እንዲህ ነው እንጂ! ሃያውን ለጥምቀት አድርሺልኝ።»

«እትዬ፣ እነዚህንም ነቀዝ ይበላቸዋል።»

«ምን አልሽ?»

«ያው ለጋ ነው፣ ያው የክረምት። ከጥር ወዲያ የበሰለውን ቆርጠን፣ አድርቀን እንሥራልዎት። ለፋሲካ ይደርሳል።»

«እስከ ፋሲካ ሰው መሬት ላይ ይቀመጥ?»

ከወንበሩ ተነሡ።

«ስላልዋሸሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ግን ፕላስቲክ አስመጣለሁ። በይ ሻይ ጠጪና ሂጂ።»

ሻዩን አልጠጣሁም። ጋሪ ጠራሁ። ባለ ጋሪው ወንበሮቹን ሲጭን እያገላበጠ አያቸው።

«እህቴ፣ ሲያምሩ! ስንት ነው የሚሸጡት?»

«አይሸጡም። ወደ መናኸሪያ ንዳው።»