ከመድረክ ጀርባ የተበላው ምሳ

እማማ ማንኪያ ሰው ሲበላ ካዩ አፋቸውን ይከፍታሉ። ፈልገው አይደለም፤ እንደሚያደርጉትም አያውቁትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሕፃናት ማቆያ ውስጥ፣ ከጉልበት በማያልፍ ወንበር ላይ ተኮራምተው ተቀምጠው፣ ማንኪያውን ወደ አንድ ትንሽ አፍ ባስጠጉ ቁጥር የራሳቸውንም አብረው ሲከፍቱ ስለኖሩ ነገሩ ከደም ሥራቸው ገብቷል። ሕፃኑ እስኪውጥ ድረስም አይዘጉትም። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ብስኩት የሚያኝክ ጎረምሳ ካለ፣ እሱንም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ስሙን ያወጡላቸው ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን የሚያስረክቧቸው እናቶች ናቸው። ዛሬ በእውነተኛ ስማቸው ቢጠሯቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

ጣጣ ያመጣባቸውም ይኸው አመል ነው።

አንድያ ልጃቸው፣ ፋርማሲስቷ፣ ልታገባ ነው። አባቷ የሞተው ገና ጥርስ ሳታወጣ ስለሆነ የሙሽሪት ወገን ማለት እማማ ማንኪያ ብቻ ናቸው። የሙሽራው ቤተሰብ «እንተዋወቅ» ብሎ ምሳ ጠራቸው። አባትየው የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ግንባሩ ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ሚስቱ ደግሞ የሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለች። እማማ ማንኪያን ከነጋዴው ጎን አስቀመጧቸው።

ወሬው ደራ። ነጋዴው ጥብሱን በቢላ ይታገላል። እማማ ማንኪያ ፊታቸውን ወደ ሚስትየዋ አዙረው ስለ አየሩ ሲያወሩ እጃቸው ለብቻው ሄደ። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ሥጋውን ጥፍር ጥፍር አሳክለው ከታተፉት፤ ድንቹን በሹካ ጀርባ ደፈጠጡት፤ በመረቁ አርሰው መለሱለት። ይኼ ባልከፋ። ሰውየው የመጀመሪያውን ሲጎርስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሲውጥ ዘጉ። ከዚያ በናፕኪን አገጩን ጠረግ አደረጉለትና፣

«ጎበዝ! የኔ ጌታ!» አሉት።

የገበታው ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።

«ምነው እህቴ፣» አለች ሚስትየዋ፣ «ባሌን እንደገና ጥርስ ሊያስበቅሉልኝ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራው ሳቀ፣ አክስቶቹ ሳቁ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ የተከተፈለትን በላ። እማማ ማንኪያም እየቀሉ አብረው ሳቁ። ያልሳቀችው ልጃቸው ብቻ ናት።

ታክሲ ውስጥ ሲገቡ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «እማ፣» አለች፣ «ሠርጌ ላይ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ትቀመጫለሽ። አፍሽንም ዝጊልኝ። በናትሽ፣ እለምንሻለሁ።»

ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ያቺ «እለምንሻለሁ» አጥንታቸው ድረስ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲያ ልጅቱ ስታናግራቸው ዓይኗን ግድግዳ ላይ ታደርግ ጀመር።

ቀኑ ሲቃረብ ሁሉም የሠርጉ አዳራሽ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። የአዳራሹ ኃላፊ ከረባቱን ጥብቅ ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው። ስለ አበባው ጠየቀ፣ ስለ ኬኩ ጠየቀ፣ በመጨረሻም እንደ ቀላል ነገር፣

«የሕፃናት ምግብስ? እናዘጋጅ ወይስ ይቅር?» አለ።

«የምን ሕፃናት?» አለች የነጋዴው ሚስት። «ሕፃን ሠርግ ላይ ምን ይሠራል? አይጨፍር፣ ስጦታ አያመጣ! የሚያውቀው ንግግር ሲደረግ ማልቀስ ነው።»

«ይርባቸዋል፤» አሉ እማማ ማንኪያ ቀስ ብለው።

«እናቶቻቸው ያጥቧቸዋ!»

«ጡት ብቻ የማይበቃቸው አሉ። ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ በደንብ ከተፈጨ…»

«እማ፣» አለች ልጅቱ ለግድግዳው፣ «ነገሩ የካሮት አይደለም። ምግብ አዘጋጀን ማለት ሕፃናት ጠራን ማለት ነው። ምግብ ከሌለ ግን ሰው ራሱ ገብቶት ልጁን ቤት ትቶ ይመጣል።»

ልጅቱ ያልገባት ይኼ ነበር። በዚህ ዓለም የሳቸው ሰው ማለት እነዚያ እናቶች ናቸው፦ ነርሷ፣ ትራፊክ ፖሊሷ፣ ዳቦ ሻጯ። ሌላ ወገን፣ ሌላ ጓደኛ አላፈሩም፤ ቀናቸው በማንኪያ አልቋል። እናቶቹ ደግሞ ልጆቻቸውን የሚተዉት እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ሠርግ ሲቀመጡ ማቆያው ይዘጋል። ታዲያ ማን ዘንድ ይተዉ? ሕፃናቱ ካልተጠሩ እናቶቹ አይመጡም፤ እናቶቹ ካልመጡ የሙሽሪት ወገን ወንበር ከዳር እስከ ዳር ባዶውን ሊያፈጥ ነው።

«ልጆቹ ካልመጡ የኔ ሰው ማነው ታዲያ?» አሉ። ድምፃቸው ከአሰቡት በላይ ወጣ።

ኃላፊው ብዕሩን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ሚስትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ሲቋጠር መፍታት የምትወድ ናት። ፊቷ በራ።

«ቆይ! ከመድረኩ ጀርባ ያለው ክፍል አለ አይደል? ሕፃናቱን እዚያ፤ ምግባቸውም እዚያ። እናቶቹ አዳራሹ ውስጥ ይዝናኑ። ዘዴውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገን…»

አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ የሁሉም ዓይን ወደ እማማ ማንኪያ ዞረ።

እማማ ማንኪያ ልጃቸውን አዩ። አንዲት ቃል ነበር የጠበቁት። «እናቴ ናት እኮ» ብትል በቃ። ልጅቱ የጣቷን ቀለበት አሽከረከረች። አንዴ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ነጋዴውም ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ።

«እኔ አለሁ፤» አሉ እማማ ማንኪያ። «ሌላ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይኸው!» አለች ሚስትየዋ። «ተገላገልን።»

ማቆያው ውስጥ እናቶቹ ዜናውን ሲሰሙ ዘለሉ። «ለሕፃናት ምግብ ያለው ሠርግ!» አለች ዳቦ ሻጯ። «ማነው የሚያበላቸው ግን? የኔው ጉድ ካላወቀው ሰው እጅ አይበላም።»

«የሚያውቅ ሰው ነው፤» አሉ እማማ ማንኪያ፣ ፊታቸውን ወደ ድንቹ አዙረው።

ቤታቸው የአንድ ሰው አልጋና አንድ መስታወት የያዘች ክፍል ናት። ለሠርጉ የተሰፋውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ከላዩ ሽርጣቸውን አስረው ቆሙ። ሽርጡን ፈቱት። መልሰው አሰሩት። ቀሚሱ ደረቱ ላይ ጥልፍ ነበረው፤ ሽርጡ ዋጠው። ስልካቸውን አነሱ። ልለምናት አሉ፤ እሷ ለምና የለ? አንድ ወንበር ብቻ ልበላት። እጄን አስሬ እቀመጣለሁ ልበላት።

«አቤት እማ?»

«እ… ካሮት ልጨምርበት ወይ ብዬ ነው። ሽታውን የማይወዱ አሉ።»

«ስለ ካሮት ነው የደወልሽው?»

«አዎ።»

«እንደፈለግሽ አድርጊው እማ።»

ስልኩ ተዘጋ። እማማ ማንኪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ይቺን ልጅ ያሳደጓት በዚያችው እጅ ነው፤ ዛሬ የምታፍርባት እጅም ያችው ናት። እጃቸውን አገላብጠው አዩዋት። ምን ላድርጋት? የት ላስቀምጣት?

የሠርጉ ዕለት ከመድረኩ ጀርባ ያለችው ክፍል የተደራረበ ወንበርና የተሰበረ የድምፅ ማጉያ ሞልቶባት ነበር። እማማ ማንኪያ ጥጉን ጠርገው ምንጣፍ ዘረጉ። ግድግዳው ከወዲያ በሚመታው ሙዚቃ ይንቀጠቀጣል። እናቶቹ ሕፃናታቸውን ይዘው ገቡ፤ ነርሷ ቀድማ ነበርና ደጃፉ ላይ ክው ብላ ቀረች።

«እማማ! የሙሽሪት እናት እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ምግቡን ልየው ብዬ ነው። አሁን እገባለሁ። ሂጂ፣ ጫማሽ ሲያምር!»

ነርሷ አላመነቻቸውም፤ ግን ሙዚቃው ሙሽሮቹ መግባታቸውን ሲያበስር ሁሉም ተግተልትለው ወጡ። እማማ ማንኪያ ከሕፃናቱ ጋር ቀሩ።

ከወዲያ የመድረክ መሪው ድምፅ ይሰማል። «የሙሽራው ወላጆች!» አለ። ጭብጨባው ግድግዳውን ሊያፈርሰው ደረሰ። ቀጥሎ፣ «አሁን ደግሞ ይህችን ጽጌረዳ ያሳደጉልን፣ የሙሽሪት እናት! የት ናቸው? ቆም ይበሉልን!»

ማንም አልነገረውም ማለት ነው።

የእማማ ማንኪያ እጅ አየር ላይ ቀረ። የዳቦ ሻጯ ልጅ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ይጠብቃል። ከወዲያ ጭብጨባው ተጀመረ፣ ላላ፣ ቆመ። «እናት አፍረው ተደብቀዋል መሰለኝ!» አለ መሪው፤ ሰው ሳቀ፤ ሙዚቃው ቀጠለ። እማማ ማንኪያ ማንኪያውን ሕፃኑ አፍ ውስጥ አገቡ። ከዚያ ፊታቸውን ከሳህኑ አዞሩ፤ ዕንባቸው ምግቡ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ጨው ለሕፃን አይበጅም።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ነጋዴው አንገቱን አስገባ። በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ሳህኑን አየ፤ እሳቸውን አየ።

«የተረፈ አለ?» አለ።

«ምን?»

«ከድንቹ።» አፉን በመዳፉ ጋረደ። «ይኼ ጥርስ የኔ አይደለም። ሰው ሠራሽ ነው፤ ድዴን ልጦ ጨረሰኝ። ሚስቴ ለሰው እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች። ገበታው ሁሉ ሥጋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት የለም።»

እማማ ማንኪያ አፍጥጠው አዩት።

«ያን ዕለት፣» አለ ነጋዴው፣ «በከተፉልኝ ቀን፣ ጠግቤ ተነሳሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ!»

«እና ዝም አሉ?» እማማ ማንኪያ ብድግ አሉ። «ሰው ሲስቅብኝ ዝም አሉ? እዚያ ቢሮ ውስጥስ? አንዲት ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት? ልጄ እኮ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን አታየኝም! አንድ ልጅ ነው ያለኝ ጋሼ፣ አንድ! ዛሬ ሄደች፤ እኔ እዚህ ድንች ይዤ ቀረሁ!»

አንዲት ሕፃን በድምፃቸው ደንግጣ አለቀሰች። ነጋዴው እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሟል።

«አፍሬ ነው፤» አለ። «ሌላ ምን እላለሁ? አፈርኩ።» ኮቱን አውልቆ የተሰበረው ማጉያ ላይ ወረወረው። «ይግቡ። እነዚህን እኔ ልያቸው።»

«እርስዎ? አብልተው ያውቃሉ?»

«አብልተውኝ የለም እንዴ? ከዚያው ተምሬያለሁ።»

እማማ ማንኪያ እየሳቁ ዕንባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ማንኪያውን ሰጡት። «ከእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ይዩ። ሲያበሉም አፍዎን ይክፈቱ። ካልከፈቱ አይከፍቱልዎትም።»

ከበሩ ሆነው ዞር ሲሉ፣ ያ ቁጥብ ሰው ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተኮራምቶ አፉን እንደ ዋሻ ከፍቶ ነበር። ሁለተኛውን ማንኪያ ግን ወደ ራሱ አዞረው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበራቸው ላይ የሰው ቦርሳዎች ተከምረዋል። አስተናጋጆቹ መሐል፣ ከኋላው ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ። ሽርጣቸውን አልፈቱም፤ ትዝ አላላቸውም። መድረኩ ላይ ሙሽራው ቁራሽ ኬክ በማንኪያ ይዞ ወደ ልጃቸው አፍ ያስጠጋል። «አፍሽን ዝጊልኝ» ያለችው መጣባቸውና ከንፈራቸውን በጥርሳቸው ነከሱ። አልበቃ ሲላቸው በመዳፋቸው ከደኑት።

ሙሽሪት ቀና ስትል አየቻቸው። ሰማያዊው ቀሚስ፣ ሽርጡ፣ እጅጌው ላይ የደረቀው ካሮት።

ዓይኗ ያን ሁሉ ሳምንት ከኖረበት ግድግዳ ወርዶ እሳቸው ላይ ተተከለ። አፏ ግጥም እንዳለ ቀረ። የሙሽራው እጅ ተንጠልጥሎ ቆየ። «ክፈቺዋ!» አለ ቪዲዮ ቀራጩ። ሰው አጉረመረመ። የነጋዴው ሚስት አንገቷን አስግጋ ሙሽሪት የምታየውን ፈለገች።

አለቀ፣ አሉ እማማ ማንኪያ በሆዳቸው። በሠርጓ ቀን አዋረድኳት። ልውጣ ብለው እግራቸውን አዘዙት፤ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ያቺ እጅ ደክሟት ከአፋቸው ወረደች፤ አፋቸውም ሳያዙት ተከፈተ፤ ወለል ብሎ፣ ዝቅተኛው ወንበር ላይ እንደሚከፈተው።

ልጅቱ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች።

ኬኩ ገባ። ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ ግን ሙሽራውንም ቪዲዮውንም አላየችም፤ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል ታኝካለች፣ የተቀባችው ኩል በጉንጯ ይወርዳል። ይቅርታ ይሁን፣ እፍረት ይሁን፣ ወይም ሰውነት የማይረሳው የድሮ ልማድ ብቻ፣ እማማ ማንኪያ ከዚያ ርቀት መለየት አልቻሉም። አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

ልጅቱ ዋጠች። እማማ ማንኪያም አፋቸውን ዘጉ።