ሃናን ከኮረብታው እስክትወርድ

ጋሼ ሰኢድ ሞቱ አሉኝ። አሁን ነው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ደውለው የነገሩኝ። ፈጅር ሰግደው ጋደም እንዳሉ በዚያው አልተነሱም።

"እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እሺ ይባላል እንዴ?

መኪና ውስጥ ነኝ፤ ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት ነድተን የምንመጣበት የበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ ስር። ልጄ ሃናን ስኖውቦርዷን ይዛ ከወጣች ቆይታለች። አልሰማችም።

እባካችሁ በእንግሊዝኛ ኮመንት እንዳታደርጉ። እዚህ የምጽፈው አማርኛ ስለማታነብ ነው። መርዶ እንዲህ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ኮረብታ አናት ላይ ላለ ልጅ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ሰኢድ የወሎ ሰው ናቸው። እኔ የምሠራበት ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻውን፣ ፎርክሊፍቱን ይነዱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራቸውን ይዘው እዚህ ይመጡና የሚንሸራተቱትን ልጆች ፎቶ ያነሳሉ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ተንሸራተው አያውቁም። "ምን በወጣኝ! እኔ እግሬን እፈልገዋለሁ" ይላሉ።

አምና ካሜራውን ሰጥተውኝ ሃናንን እየተከተልኩ ሳነሳ ዋልኩ። በኋላ ስናየው ሁሉም ባዶ በረዶ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ጓንቷ አለ። ከት ብለው ሳቁብኝ።

"ልጅቷን አታሳድጃት! የምትመጣበትን ቦታ ያዢና ቁጭ በይ።"

እሳቸው እንኳ ቁጭ አይሉም፤ ልጆቹ የሚዘሉበት የበረዶ ቁልል ስር በደረታቸው ይተኛሉ። አንዴ እንደዚያ ፀጥ ብለው ሲጠብቁ የእርዳታ ሠራተኞቹ የተጎዳ ሰው መስሏቸው ቃሬዛ ይዘው መጡ። "አልሞትኩም! ዞር በሉልኝ፣ ልጅቷ እየመጣች ነው!" ብለው ጮኹባቸው፣ በአማርኛ።

ይሄን እየጻፍኩም አላለቀስኩም። ቀና እያልኩ ኮረብታውን አያለሁ።

ሃናን እሳቸው ከታች ካልተኙላት ትልቁን ዝላይ አትሞክረውም። ዛሬ ፎቶ ሊያነሷት ቀጥረዋት ነበር። ከመኪና ስትወርድ "ኢዝ ጋሼ ሂር?" አለችኝ። "መንገድ ላይ ናቸው" አልኳት። እውነት መስሎኝ ነው።

ጋሼ ሰኢድ፣ እየመጣች ነው። ቦርዷን ከጭንቅላቷ በላይ ይዛ ትስቃለች፤ ብቻዋን ሳትዘለው አልቀረችም። ፎቶ ያነሳት የለም።

አላህ ይዘንልዎት፣ ቀብርዎን ኑር ያድርገው። በሰላም ይሂዱ።

በሩን ልክፈትላት።