ሁለት እጅ የሚፈልገው ቀለበት

ብሎን የሚሉት ቁመቱ አጠር፣ አንገቱ ወፈር ያለ ስለሆነ ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ እሷ ስትጠራው ቁልምጫ ነበር፣ ወርክሾፑ ውስጥ ግን የሥራ ስሙ ሆኖ ቀረ። ወጣት ሳለ በሌላ ፋብሪካ ላሜራ የሚያጥፍ ማሽን ግራ እጁን ጨፈለቀው። ጣቶቹ ባይቆረጡም ጎብጠው ቀሩ፤ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም። ያ እጅ ወረቀት ይደግፋል፣ በር ይገፋል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ አትጠይቁኝ ያለ እጅ ነው።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህ ብዙም አይታወቅም ነበር። ወርክሾፑ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራበታል። ባልና ሚስት የሚሠሩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ብረት የሚቆርጡበት የግራይንደሩ ዲስክ ሲያልቅ እሷ ሳትጠራ መጥታ ዘንጉን ትይዝለታለች፣ እሱ በመፍቻ ያላላል። ጠዋት ሸሚዙን የምትቆልፍለትም እሷው ነበረች። ስትታመም ሸሚዙን ትቶ ዚፕ ያለው ጃኬት ለበሰ፤ ማሰሪያ ያለው ጫማም ቀረ። ዲስክ መቀየርን ግን መተው አይችልም፤ እንጀራው ነው። ስለዚህ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እየሣለ፣ በማግስቱ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ እየቀረጸ አንድ ቀለበት ሠራ፤ ዘንጉ ላይ የሚቀመጥ፣ በጥምዝ ሽቦ ሞላ የተያዘ፣ በአንድ እጅ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ዲስኩን የሚለቅ። መፍቻ የለ፣ ረዳት የለ። አምጥቶ ሲያሳያት ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ አድርጋ ሞከረችውና፣ «እንግዲህ ጡረታ ውጪ በለኛ» አለችው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

ከቀብሯ ወዲህ ብሎን ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀመጠ። ክፍሏ አንዲት መስኮት አላት፤ እሷም የምትከፈተው ወደ ወርክሾፑ ነው። ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጥ የሚያየው የሚሠራበትን ጠረጴዛ፣ ማታ ከጠረጴዛው ቀና ሲል የሚያየው የራሱን መጋረጃ ነው። የሚስቱ ወንድም፣ ብሎን «ጋሼ» የሚለው፣ ጨዋታ የሚወድ ደግ ሰው ነው፤ ሂድም ኑርም አላለውም። እህቱ ካለፈች ወዲህ ግን ዝምድናቸውን ይዞ ያቆየው ሥራው ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ እጅ ያለውን ሰው ሌላ ማን ይቀጥረዋል?

ጋሼ ቀለበቱን ያየ ዕለት ፊቱ በራ። በብዛት ያሠራው ጀመር። በያጁም፣ አናጢውም፣ ግንበኛውም ሊገዛ ሲመጣ ብሎንን በሩ ላይ ያቆመዋል። አማቼን ተመልከቱ፣ እጁ አንድ ነው፣ ግን እናንተ መፍቻ ፈልጋችሁ ሳታገኙ እሱ ቀይሮ ቁጭ ይላል፣ እያለ ያስቃቸዋል። ብሎን ሳብ ለቀቅ ያደርጋል። ሰዎቹ ስቀው ይገዛሉ። አንዳንዱ፣ «እስቲ ድገመው» ይለዋል፤ ይደግመዋል።

በሚስቱ ቦታ አንዲት ሠራተኛ ገብታ ነበር፤ ቀጭኗ ይሏታል። አንድ ቀን ብረት ቆርጣ ስትጨርስ ግራይንደሩን አጠፋችውና፣ ዲስኩ ገና መሽከርከሩን ሳይተው ጠረጴዛው ላይ ልታኖረው ስትል የሹራቧ እጅጌ ቀለበቱን ይዞ ሳበው። ዲስኩ ተስፈንጥሮ ግድግዳውን ገጨና እየተንከባለለ ቁም ሣጥን ሥር ገባ። ቀጭኗ ከድንጋጤዋ ስትመለስ ሳቀች። «ጋሽ ብሎን፣ ዲስክህ ሥራ ለቀቀ» አለችው።

ብሎን አልሳቀም። ተንበርክኮ ዲስኩን አወጣ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጭረት በጣቱ ነካ፤ ዞሮም እሷን አየ። ጭረቱ በአንገቷ ትክክል ነበር።

ጋሼ ነገሩን ሲሰማ እጅጌዋን ትሰብስብ አለና ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ። ብሎን ግን ከጭረቱ ጋር ተፋጦ ቀረ። ሞላውን አጠነከረው፤ እጅጌ የያዘው ቀለበት ከክንድ ጉልበት ጋር ስለሚሳብ ጠንካራውም ሞላ እሺ አለ። ሳይሳብ በፊት ይዙር ብሎ ለወጠው፤ የተጠመጠመ ጨርቅ አዙሮም ሳበው። በየምሳ ሰዓቱ አሮጌ ሹራብ እየጠመጠመ ሲፈትነው ቀጭኗ፣ ለማሽኑ ልብስ ልታሰፋለት ነው ወይ እያለች ታሾፍበት ነበር። መጨረሻው አንድ ቦታ አደረሰው፦ ቀለበቱ የሚዞረው በማሽኑ ሌላ ጎን ያለች ቁልፍ ተጭና ስትያዝ ብቻ መሆን አለበት። አንዱ እጅ ይጫን፣ ሌላው ያዙር። ጨርቅ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያደርግም።

እሱም አያደርግም።

ሠርቶ ሲጨርስ ሶኬቱን ነቅሎ ማሽኑን ታቀፈው። በጎበጡት ጣቶቹ ቁልፏን ገፋ፤ ተንሸራተቱበት። በአገጩ ሞከረ። ቆይቶ ማሽኑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደገፍ አድርጎ በደረቱ ሲጫነው ጠርዙ ቁልፏን ገፋት፤ ቀለበቱ በቀኝ እጁ ዞረ፤ ዲስኩ ወጣ። ብሎን ቁና ቁና እየተነፈሰ ሳቀ። ሹልክ የሚልባት ቀዳዳ አገኘ።

ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ደረቀ። ቀጭኗ ማሽኑን ሁልጊዜ የምታሳርፈው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ቁልፏን ተጭኖ፣ እጅጌዋ ቀለበቱን ቢያዞረውስ? ለሱ የከፈተ ጠርዝ ለእጅጌም ይከፍታል።

ተቀመጠ። ጃኬቱን ዘጋ፣ ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ። ከዚያ ተነሥቶ ቁልፏ የምትቀመጥበትን ጉድጓድ ቶርኖ ላይ ጥልቅ አደረገው፤ የተዘረጋ ጣት ካልገባ በቀር ጠርዝም፣ ጉልበትም፣ ደረትም እንዳይደርስባት። ሲገጣጥመው እንደገና በደረቱ ተጫነው። ቀለበቱ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ጋሼ ፊት አቀረበው።

«ክፈተው» አለ ጋሼ።

«እኔ አልከፍተውም። ቀጭኗ ትከፍተዋለች።»

ቀጭኗ መጥታ ተጭና አዙራ ከፈተችው። ጋሼ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። ሚስማር ሰክተህ ክፈተው አለ። ብሎን፣ ሚስማሩ ተረስቶ የቀረ ዕለት ቁልፏ እንደሌለች ነው ብሎ መለሰለት። ከዚያም ቀጭኗን ግድግዳው ጋ አቆማት። ጭረቱን በጣቱ አሳየው። ጋሼ ጭረቱንና አንገቷን ደጋግሞ አየ። መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

«በሩ ላይስ ማን ይቁምልኝ?»

«እሷ ትቁም።»

«አንተስ?»

ብሎን ማሽኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ጋሼም አልጨቀጨቀውም። የተሸጡት እየተጠሩ ይለወጡ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲሱ ይሠራ፣ ብሎ እያጉረመረመ ወጣ። ከሥራ አላስወጣውም፤ ከክፍሏም አላስለቀቀውም። ጠረጴዛው ጠረጴዛው ነው፤ መስኮቷም እዚያው ናት።

አሁን በሩ ላይ የምትቆመው ቀጭኗ ናት። ብሎን ደግሞ ዲስኩ ያለቀ ግራይንደር ጭኑ ላይ አኑሮ የሚቀመጥበት ጊዜ በዝቷል። ሰሞኑን በምሳ ሰዓት ድሮ በሩ ላይ ያየው አንድ ግንበኛ ገባና፣ «አንተ የአንድ እጁ ሰውዬ አይደለህም? እስቲ ያቺን ነገር አሳየኝ» አለው። ብሎን ወንበር ገፋለት። ትመጣለች፣ ጠብቅ አለው። ሁለቱም ቁጭ ብለው በሩን ያዩ ጀመር።

ቀጭኗ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ስለ ታክሲ እጥረት እያማረረች መጥታ፣ ማንም ሳይጠራት ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ ከታ ተጫነች። ብሎን ቀለበቱን አዞረ። የሚያየው ቀለበቱን እንጂ እጇን አልነበረም።

«ጋሽ ብሎን፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ ተቀምጠህ የምትጠብቀኝ?» አለችው።

«ዲስክ ማለቁን እስኪተው» አለና አዲሱን አስገባ።