ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ትናጋ

የምስራች! «ምስር ብዪ» በሉኝና ልቀጥል። ተናገረ! ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ሳለ፣ ፊደል ከፊደል ሳይጋጭበት ተናገረ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይቀዘቅዝ ካልተጻፈ መቼ ይጻፋል?

የተናገረው ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ያናገረችውን ላስተዋውቃችሁ፤ ታሪኩ የእሷ ነውና።

እታለም እላታለሁ፤ ታላቅ እህቴ ናት። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። የምትሠራው ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጀርባ፣ አንድ መስኮትና አንድ መታጠቢያ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መታጠቢያው በጀሶ እየተደፈነ ውኃው ሁልጊዜ እያጉረመረመ ነው የሚወርደው። ሰም ማቅለጫ እሳት አላት፣ መሞረጃና መወልወያ ሞተር አላት። የጀሶ አቧራ ፀጉሯ ላይ ስለሚያርፍ ገና በወጣትነቷ የሸበተች ትመስል ነበር፤ አሁን የምሯን ሸብታ እንኳ ልዩነቱን ያየላት ሰው የለም።

ደንበኞቿ ወደዚያ ክፍል አይገቡም፤ የሚገባው አፋቸው ብቻ ነው። ሐኪሙ ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሶ ቅርጹን ይልክላታል፤ እሷ ጀሶ ታፈስስበታለች፤ ሲደርቅ የሰውየው አፍ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እታለም ሰው የምታውቀው በፊት አይደለም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አቅፋ እየሳመቻት «አላወቅሽኝም እንዴ?» አለቻት። እታለም ግራ ገብቷት ቆመች። ሴትዮዋ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ ግን፣ «ውይ በሞትኩት! አንቺ ነሽ እንዴ? ባለ ጥልቋ ትናጋ!» አለቻት። ሴትዮዋ ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳይገባት ሄደች።

ትናጋ የምለው የአፍን ጣሪያ ነው። እስቲ ምላሳችሁን ከላይኛው የፊት ጥርሳችሁ ጀርባ አሳርፉት። ሽብሽብ አለ አይደል? ውኃ የሸሸው አሸዋ ይመስላል። የሁለት ሰው ሽብሽብ አንድ ሆኖ አይታ እንደማታውቅ እታለም ትነግረኛለች። እዚያ ጋ ሥጋው ከአጥንቱ ጋር የተሰፋ ያህል ጥብቅ ነው፤ ላዩም ጠንካራ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ምግብ ሲታሽበት የሚኖር ነዋ። መሐል ለመሐል ስፌት የመሰለ መስመር ይሄዳል። ወደ ኋላ ስትሄዱ አጥንቱ ያልቅና ለስላሳው ክፍል ይጀምራል፤ እሱ ስንውጥ ብድግ ብሎ የአፍንጫን መንገድ የሚዘጋ መጋረጃ ነው፣ ከጫፉ እንጥል የተንጠለጠለችበት።

ወለሉ ደግሞ ሌላ አገር ነው። ምላሳችሁን አንሱና በመስታወት እዩት፤ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ሰማያዊ ደም ሥሮቹ ወለል ብለው ይታያሉ። ከምላሱ ማሰሪያ ግራና ቀኝ ምራቅ የሚመነጭባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። «ጣሪያው ጋሻ፣ ወለሉ ሐር» ትላለች እታለም። ይህን ካስተማረችኝ ወዲህ ከመስታወት ፊት አልጠፋም። ባለቤቴ «ይቺ ሴትዮ ለራሷም ምላስ ማውጣት ጀመረች» ብሎ ለጎረቤት አውርቷል።

ሥራ ቤቷ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አለ። እላዩ ላይ የጀሶ አፎች ተደርድረዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ መጣል ነበረባቸው፤ እሷ ግን አትጥልም። ከሰዎቹ አንዱ መሞቱን ስትሰማ ያንን አፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች።

«ለምንድነው የምታዞሪያቸው?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«እንዲህ ተከፍተው ሲያዩኝ፣ ሊናገሩ ትንሽ የቀራቸው ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ሥራ አለብኝ።»

ስቄ ነበር። ግን ሞተሩ ሲቆም ያ ክፍል ዝም አይልም። ቧንቧው ያጉረመርማል፣ እርጥብ ጀሶ እየደረቀ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከመደርደሪያው በኩል አንድ ሰው ትንፋሽ የሳበ ይመስላል። ዞር ስትሉ ጀርባቸውን የሰጡ ነጫጭ ነገሮች ብቻ ናቸው።

ከዞሩት መካከል እናታችን አለች። እታለም ሙያውን ስትማር አፏን ለመለማመጃ የሰጠቻት እማዬ ናት፤ ጠማማዋ የፊት ጥርሷ በጀሶውም ላይ ጠማማ ናት። አባባ ግን «ጥርሴ ሙሉ፣ አፌ ጤነኛ፤ ምን ጎደለኝና ነው የምትለኪኝ?» ብሎ እምቢ አለ።

አዎ፣ አባባ። የተናገረው እሱ ነው!

አባባ ዕድሜውን የጨረሰው አውቶብስ ጣቢያ ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ መንገደኛ ሲጠራ ነው። «ተሳፋሪዎች፣ ዕቃችሁን ረስታችሁ እንዳትወርዱ!» ሲል ጣቢያው ማዶ ያለው ሰው ሳይቀር ኪሱን ይዳብስ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ድምፁን ቀድተው አስቀሩት። ከዚያ እማዬ ሞተች። ብዙም ሳይቆይ በአባባ ትናጋ ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ሐኪሞቹ ክፉውን ሥጋ ከነአጥንቱ ቆርጠው አወጡና ነፍሱን አተረፉለት።

ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ደግ ሰው ነው። እታለም አጥብቃ ስለለመነችው ከተቆረጠው ሥጋ ስስ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ አሳያት። ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም ነክተውታል። ላዩ ጠፍጣፋና ደረቅ፣ እንደ ወረቀት የተደራረበ፤ ከሥሩ ክብ ክብ ያሉ ሕዋሶች በሥርዓት የተሰለፉ፤ ከዚያ በታች ምራቅ አመንጪ እጢዎች እንደ ወይን ዘለላ። ወደ አንዱ ጠርዝ ግን ሰልፉ ፈርሶ፣ ሕዋሶቹ በር እንደተዘጋበት ሕዝብ ይተራመሳሉ።

«ስማችንን ሲጠራ የኖረው እሱ ቁራጭ እኮ ነው» አለችኝ ስትመለስ። ያን ቀን ጀሶ ሳይነካት ፊቷ ነጭ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ነፋስ ገባው። አባባ አፉን ሲከፍት አየሩ በቀዳዳው ወደ አፍንጫው እየሸሸ ያፏጫል፤ እንግዳ ሲመጣ «ኧረ መስኮቱን ዝጉት» ይላል፣ እኛም ተነስተን የተዘጋውን መስኮት እንዘጋለን። ውኃ ሲጠጣ በአፍንጫው ይመለስበታል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ ለብቻው መብላት ጀመረ፤ ቀጥሎ እሱንም ቀነሰ፤ ኮቱ እላዩ ላይ እንደ ተውሶ ልብስ ተንዘላዘለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣቢያው ውስጥ የጎልማሳነት ድምፁ መንገደኛ ይጠራል። ሰውየው ቤት ውስጥ ዝም ብሎ፣ ድምፁ ውጭ ይንከራተታል! አባባ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። እኔም አንድ ቀን አውቶብስ ስጠብቅ ከራሴ በላይ «ተሳፋሪዎች» ሲል ሰምቼ፣ አባቴ በሕይወት እያለ እንደሞተ ሰው አለቀስኩለት።

እታለም ቀዳዳውን የሚዘጋ ክዳን በሮዝ ፕላስቲክ ሠራችለት። ቁስሉ እየዳነ ሥጋው ሲሸሽ ክዳኑ ላላ፤ እንደገና ሠራች። የመጨረሻው ልክክ አለ፣ ጠብታ ውኃ አያሳልፍም። አባባ አደረገው፣ ለመናገር ሞከረ፣ ቃሉ ግን እንደ ሰካራም ተንሸራተተ። አውልቆ ሥራ ቤቷ ባለ ብርጭቆ ውስጥ ከተተው።

«የሰው ቤት ጣሪያ ነው» አለ እያፏጨ። የገባት እሷ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ሐኪሙ ክብደቱን አይቶ፣ «ክዳኑን ካላደረገ አይበላም፤ እንዲህ ከቀጠለ ደግሞ ክረምቱን መውጣቱን እንጃ» አላት።

መፍትሔው ከእኔ ቀበጥነት መጣ ብል ታምኑኛላችሁ? ባለፈው ሳምንት እታለም ሥራ ቤት ሄጄ የፈላ ሻይ ሳልጠብቅ ጎረስኩ። ትናጋዬ ተላጠ። ከጥርሴ ጀርባ ያለው ቆዳ ተገሽልጦ፣ ንግግሬ ሁሉ ተኮላተፈ።

«እሰይ! ደግሞ ለሻይም ትቸኩያለሽ?» አለች።

«ምላሴ ቤቷን አጣች» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ቤቷን አጣች። የምታርፍበትን አታውቀውም።»

እታለም ተነስታ የአባባን ክዳን ከብርጭቆው አወጣችና አውራ ጣቷን አስኬደችበት። እንደ መስታወት ያሟልጫል። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ «ደንበኛ ትናጋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ማብረቅረቁን ነው» ይሏት ነበርና፣ ከእጇ የወጣ ሥራ ሁሉ ያብረቀርቃል። የአባቷንማ ከሁሉም አብልጣ ወልውላለች።

«ፍቅሬን በሙሉ ወልውዬ ምላሱን አንሸራተትኩት» አለች።

ሽብሽብ ያስፈልገዋል። ግን የማን? የራሱ ተቆርጦ ሄዷል፣ ቅርጹም የለ። «የኔን ውሰጂ!» አልኩ። «ያንቺ የተቀቀለ ነው። የኔም ያንቺም ደግሞ ይጠበዋል።» ወደ መደርደሪያው አየች። ያ ሁሉ አፍ እያለ ባዕድ አፍ እንደገና ልትሰጠው አልቻለችም። እጇን ዘረጋችና ሰፊ ትናጋ የነበራትን እማዬን ከግድግዳው መለሰቻት።

እውነቴን ነው፣ ብርድ ብርድ አለኝ። እማዬ ባለጠማማ ጥርሷን ይዛ አየችን።

«እታለም፣ አያስፈራሽም?»

«ያስፈራኛል። መብራቱን አቅርቢው።»

ፎይል የሚባለውን ስስ ብርማ ወረቀት ከጥርሶቹ ጀርባ ባለው ሽብሽብ ላይ አስተኝታ በለስላሳ ብሩሽ ተጫነችው። ፎይሉ ይንሿከሿካል፤ ሁለታችንም ቃል የሚወጣው መስሎን ጆሯችንን ሰጠን። ከዚያ የእማዬን ሽብሽብ በሰም፣ ከሰሙም በሮዝ ፕላስቲክ ወደ ክዳኑ አሻገረችው። ጠርዙን ብቻ አለሰለሰች። ሽብሽቡ ጋ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች።

ዛሬ አባባን ይዘነው መጣን። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ክዳኑን አስገባችለት። ምላሱ ጉንጩ ውስጥ ሲሄድ ይታየኛል፤ መብራት በጠፋበት ቤት ግድግዳ እየዳበሰ ማብሪያውን የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቧንቧው አጉረመረመ። አባባ አፉን ከፈተ፤ ነፋስ አልመጣም።

«ተሳፋሪዎች» አለ።

እታለም የሰም ቢላዋዋን ጣለች።

«ተሳፋሪዎች፣ ዕቃችሁን ረስታችሁ እንዳትወርዱ።»

ያ የጣቢያው የጎልማሳ ድምፅ አልነበረም። ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ግን ፊደሉ ሁሉ በየቦታው ቆሟል። እኔ መጮህ ጀመርኩ፤ አባባ ግን አልሰማኝም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማዬ እዚያው ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ፣ ቁራጭ ፎይል እንደተጣበቀባት፣ ተቀምጣለች። ያቺን ጠማማ ጥርስ በጣቱ ነካት።

«እናታችሁ አይደለችም?»

እታለም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«አፌ ውስጥ ያለው የማን ነው?»

«የእሷ ነው አባባ። ሽብሽቡን ከእሷ ነው የወሰድኩት። ካልወደድከው አሁኑኑ እፍቀዋለሁ፣ ሌላ…»

«እንዳትነኪው!»

አፉን ገጠመ። ምላሱ ከላይ እየሄደ ነበር፣ ወዲያ ወዲህ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ ነው ብለን ስንጠጋ ለካ እየሳቀ ነው።

«ዕድሜ ልኬን ዕቃችሁን አትርሱ ስል ኖሬ፣ የገዛ ሚስቴ ጥላልኝ ወረደች» አለ።

እታለም እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ ፊቷ ሁሉ ጀሶ ሆነ። የእማዬን አፍ አንስታ እንደ ልማዷ ወደ መደርደሪያው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ልትመልሳት ስትል አባባ እጇን ያዛት።

«አታዙሪያት። እያወራን ነው» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ሞተሩ ቆሟል፣ ውኃውም ቆሟል፤ ግን ትንፋሽ የሳበ ሰው ነበር፣ እምላለሁ። የሳበው ከሦስታችን አንዱም አልነበረም። በዚህ ጊዜ ግን አልፈራሁም። አባባ ቀጥሎ ምን አለ መሰላችሁ? «ራበኝ!» አለ።

በሉ ልሂድ። የአባባ እህት፣ ቁልፍ ሻጯ አክስታችን፣ «የወንድሜን ድምፅ ሳልሰማ እንዳልሞት» ስትል ነው የከረመችው፤ ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት። ጫማዬ የታል? ግዴለም፣ በነጠላ ጫማ እሮጣለሁ።