ፊት የሌለው ማቴዎስ

ልጅ እያለሁ ፊት የሌላቸው አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩኝ። ሶዶ ኦቶና ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ አሥራ አራት ኢንች ቴሌቪዥን ውስጥ ይኖሩ ነበር። ራሳቸው ጥቁር ነጥብ፣ ገላቸው ቀይ ካሬ፣ እግራቸው ሁለት ጭረት። ኳሷ እንኳ ክብ አልነበረችም። የጌሙን ቢጫ ካሴት አውጥተን እፍ እንልበትና መልሰን እንሰካዋለን። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ የአቧራ ሽታ ይወጣዋል፤ ከጓዳ ደግሞ እማዬ የምትቀቅለው ስኳር ድንች ይሸታል። የደስታ ሽታ ምን ዓይነት ነው ብትሉኝ ዛሬም የእነዚያን የሁለቱን ድብልቅ ነው የምነግራችሁ።

ጌሙን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ነው። እኔ ፊት ለፊት በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ቤታችን የሚነገረው ወላይትኛ ስለነበር "ኢሻ" ነበር የምለው፣ ወንድሜ እንደማለት ነው። የእጅ ሰዓቱን ለአንድ ጓደኛው ሰጥቶ በምትኩ ጌሙን ተቀበለ። እማዬ ሰዓቱ ትዝ ባላት ቁጥር ታኮርፈው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ቀለም ቅብ ሊሠራ አዲስ አበባ ሄደ። ሲሄድ ፀጉሬን እየደባበሰ "ሰዎቼን ጠብቂልኝ" አለኝ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጣት ቀልድ መሆኑ አይገባትም።

እኔም ጠበቅኋቸው። ፊት ስላልነበራቸው ፊት የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ። በረኛው የሂሳብ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ኳስ መጣም ቀረም ከቆሙበት ንቅንቅ አይሉም። ተከላካዩ የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ነው፤ ማንንም አያሳልፍም። በግራ ክንፍ ደግሞ ሲሮጥ ብልጭ ድርግም የሚል አንድ ሰውዬ ነበር። አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። ዛሬ ሳስበው የዕቃው ድካም ነው። ያኔ ግን ፍጥነት ነው ብለን ተስማምተን ነበር፤ ሰውዬው የሚጠፋው ዓይን ስለማይደርስበት ነው። እንዲያ የሚሮጥ ደግሞ በሰፈራችን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቁምጣው ላስቲክ ስለላላ በአንድ እጁ ቁምጣውን ይዞ የሚፈተለከው ኢሻ። ስለዚህ ያ ሰውዬ ማቴዎስ ሆነ።

ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኛ ቤት ወለል ላይ ይደረደራል። ተጋጣሚያችን አንድ ቀን የጎረቤት ከተማው አረካ ነው፣ ሌላ ቀን በዴሳ። ጆይስቲኩን ማንም ይያዘው፣ ወሬው የእኔ ነበር። "ቲቸር ለዘበኛው አቀበሉ፣ ዘበኛው ለማቴዎስ፣ ማቴዎስ ጠፋ፣ የት ገባ፣ ይኸው!" ስል ቤቱ ይናጋል። እኔ ዝም ካልኩ ጨዋታው ካሬ ብቻ ነው። ይህን ሁሉም ያውቁ ስለነበር ከእኔ የሚጣላ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ የጀማል ጌም መጣ። ጀማል የክፍሌ ልጅ ነው፤ ከስልጤ የመጡት አባቱ ገበያው አጠገብ የጅምላ ሱቅ ነበራቸው። አጎቱ ከመርካቶ ዕቃ ሲያመጡ ለእሱ አዲስ ጌም ይዘውለት መጡ። የዚህኛው ሰዎች ፊት አላቸው። ፀጉራቸው ይወዛወዛል፣ ላባቸው ያብለጨልጫል፣ ጎል ሲስቱ ፊታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። አንዱማ ሳሩ ላይ ሲተፋ አይተን ተያየን። ወሬውን የሚያወራውም በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰውዬ ነው። ምን እንደሚል ማናችንም አይገባንም፤ ልጁ ሁሉ ግን ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። ብዙም ሳይቆይ የእኛ ቤት ወለል ባዶ ሆነ።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። የቃሪያ ዳጣ እንኳ ሲያቃጥል ውሃ ያበርደዋል፤ የእኔን ማቃጠል የሚያበርድ አልተገኘም። ጀማል ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን "አንቺም ነይ እንጂ" እያለ ይጠራኛል፣ ስሄድ ጆይስቲኩን ከሁሉም አስቀድሞ ለእኔ ይሰጠኛል። ደግነቱ አንጀቴን አሳረረው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ክርክር ገጠምን። ልጆቹ ጌም ማለት እውነተኛ ሰው የሚመስል ነው አሉ።

"ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ሜዳ ሂዱ" አልኩ። "እዚያ ሞልቷል፤ ላብም አለው።"

"ያንቺዎቹ እኮ ጡብ ናቸው" አለ ጀማል። ለመስደብ አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

"ጡብ ይሁኑ። ያንተ ሰውዬ የራሱ ፊት ስላለው ሌላ ሰው መሆን አይችልም። የእኔው የፈለግኩትን ይሆናል።"

ክርክሩ ዛሬም ያስኬዳል እላለሁ። ያኔ ግን ያናገረኝ ቅናት መሆኑ ስላስታወቀ ልጆቹ ሳቁ። ቤት ገብቼ ስነፋረቅ እማዬ ምክንያቱን ሰምታ "የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ያለሽን ያዢ" አለችኝ። ያለኝን ይዤ ኢሻን መጠበቅ ጀመርኩ። እሱ ሲመጣ ሰዎቹን እንደጠበቅኩለት ያያል፣ የእኔ እንደሚበልጥም ለሁሉም ይነግርልኛል።

በመስከረም ጊፋታ ደረሰ። ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ ለሥራ የወጣ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ የቀረ እንደሆነ ጎረቤት ሳይቀር "ምን ሆኖ ነው?" ይላል። ሥጋው ተሰቅሏል፣ ዳጣው ተፈጭቷል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ካሴቱን ሰክቼ፣ ማቴዎስን በግራ ክንፍ አቁሜ እጠብቃለሁ። ረፋድ ላይ የጎረቤታችን ልጅ እየሮጠች መጣችና "ወንድምሽ ከመናኸሪያ ሲመጣ ልጆች ጠርተውት እነ ጀማል ቤት ገብቷል፤ ጌም እየተጫወተ ነው" አለችኝ።

ሮጥኩ። በሩ ክፍት ነበር። ኢሻ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ቦርሳውን እንኳ ከጀርባው አላወረደም፣ አፉን ከፍቶ ላብ ያለባቸውን ሰዎች ያያል። "አቤት፣ ሰው እኮ ነው! ቁርጥ ሰው!" ይላል። እናቴን ሳይስም፣ እኔን ሳያይ። ጀማል ከጎኑ ሆኖ ያሳየዋል፤ ወንድሙ መሰለ። በዚያች ሰዓት ጌሙንም፣ ወንድሜንም፣ ሁሉንም ነገር የወሰደብኝ መሰለኝ። አልገባሁም። ተመልሼ ቤት ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ኢሻ ቀለም ቀለም እየሸተተ መጣ። እማዬ አገላብጣ ሳመችው። እኔ አልተነሳሁም። ቴሌቪዥኑን አየና "ይሄ ዛሬም ይሠራል?" አለ።

"ይሠራል ወይ ትላለህ?" አለች እማዬ። "አንተንም እዚያ ውስጥ አስገብታሃለች።"

"እኔን? የቱ ነኝ?"

ሳልዞር በጣቴ አሳየሁት። "ያ ብልጭ ድርግም የሚለው።"

ፊት እንኳ የለውም ይላል ብዬ ስፈራ ቆየሁ። እሱ ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ፤ "ስንት አገባሁ?"

"ትናንት አረካ ላይ ሦስት" አልኩ።

ቦርሳውን ከጀርባው አወረደ። ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ተጫወትን፣ ሥጋው ቀረበና በጨለማ በላን።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ማቴዎስ አረካ አግብቶ ወልዶ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ቦርጩ ቀድሞት ነው የሚገባው። ባለፈው ጊፋታ እኛ ቤት ሲመጣ ልጄ ናትናኤል አስደናቂ ነገር አሳየው። ከስልክ ፎቶ አይቶ አጎቱን የኳስ ጌም ውስጥ ሠርቶታል። መላጣው፣ ከቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ፣ ሽበት የገባበት ጢሙ፣ አንድም የጎደለ የለም። ዘመዱ ሁሉ ተገረመ። እኔስ? በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ልጄ ቀናሁ። ማቴዎስን ጌም ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ፤ የእኔው ማቴዎስ ግን ማንንም እንዲህ አላስገረመም።

"እማ፣ ቁርጥ እሱን አይመስልም?" አለ ልጄ።

"ይመስላል" አልኩ፤ ውሸት መናገር አልቻልኩም።

ማቴዎስ ራሱን ሲሮጥ አየው። መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ መላጣውን በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ "ያኛውስ?" አለኝ።

የቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቢጫው ካሴት ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ቴሌቪዥኑም የለም፣ እማዬም የለችም።

"ትናንት አረካ ላይ ሦስት አገባ" አልኩት።

ማቴዎስ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ናትናኤል ጆይስቲኩን እንደያዘ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየ "ማነው ያገባው? የቱ ጌም ላይ ነው? ለእኔም አሳዩኝ" አለ። የምናሳየው ነገር አልነበረንም። ከንፈሩን ጣለና ያንን የመሰለ ጌሙን አጠፋው። ያን ፊት ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ ድሮ እነ ጀማል በር ላይ ቆሜ የነበረኝ ፊት ነው።